የአውቶብሱ በር በየት በኩል ነው

ማሪት ሃውገን ቪዲዮውን ያየችው ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ እግሯን ቦት ጫማዋ ውስጥ ከታ ሌላውን ጫማ ስትፈልግ ነው። ርዝመቱ በሙሉ አስራ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶብስ በረዶ በሚያቦንን ነፋስ ውስጥ እየራቀ ይሄዳል። መንገዱ ዳር ጃኬት ያልለበሰ፣ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ብቻውን ቆሞ እጁን ያወዛውዛል። ከሥሩ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፦ «ሾፌሩ የእኛው ኤልሮይ ማኪ ነው። ትናንት ጠዋት፣ መስመር ስድስት ላይ። ልጆቻችሁን ለማን አምናችሁ እንደምትሰጡ እዩት።»

ደሟ ፈላ። «ይህ ሰው ምን ነክቶት ነው?» ብላ ጻፈችበትና ለቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ግሩፕ ላከችው። ከዚያ ሁለተኛውን ጫማ ከሶፋው ሥር አገኘችና መኪናዋን ልታሞቅ ወጣች።

ማሪት በኬትል ቤንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪውን ከያዘች አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ግን ለዘጠነኛ ክፍል አንድ ተጨማሪ ትምህርት ታስተምራለች፤ ስልክ ላይ የሚመጣውን ወሬ፣ ፎቶና ቪዲዮ ሳያጣሩ አለማመን። በላይብረሪው ግድግዳ ላይ በራሷ የእጅ ጽሕፈት አራት ጥያቄ ለጥፋለች። ቆም ብለሃል? ይህን ያለው ማነው? ሌላስ ማን አለው? መጀመሪያ የመጣው ከየት ነው?

የዚያን ቀን ጠዋት የላይብረሪውን መብራት አብርታ፣ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቀና ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። ከአራቱ አንዱንም አልጠየቀችም።

ስልኳን አወጣች። ከአስራ አራቱ ሴቶች አስራ አንዱ አይተውታል። ስድስቱ ለሌላ ሰው መላካቸውን ጽፈዋል። ከስድስቱ አንዷ የኤልሮይ ሚስት የአርዲስ እህት ናት።

ልጆቹ እየተንጫጩ ገቡ። ወሬው ሁሉ ስለ ኤልሮይ ነው። ጋሪክ ስሌተን የሚባለው ረጅሙ ልጅ ቪዲዮውን ጎኑ ለተቀመጠው እያሳየ፣

«ሰውየውን አባረሩት አሉ፤ ደግ አደረጉ» አለ።

«አላባረሩትም፤ እስኪጣራ ቤት ተቀመጥ ነው ያሉት» አለች ብሪን የምትባለው፣ እናቷ የከተማው ትምህርት ቤቶች በሚተዳደሩበት የዲስትሪክቱ ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ልጅ። «የአውቶብሱ ካሜራ እኮ ከገና ጀምሮ ተበላሽቷል። ምን አይተው ይፈርዳሉ?»

«ይኸው ቪዲዮው! ዓይን የለሽም እንዴ?»

ማሪት ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለዛሬ ያዘጋጀችው ትምህርት ስለ ሐሰተኛ ማስታወቂያ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ወደ ጎን አደረገችው።

«ይህን ቪዲዮ ለሰው የላከ እጁን ያውጣ» አለች።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያኔ የራሷን እጅ አወጣች።

ጋሪክ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እርስዎ? ራስዎ ሚስዝ ሃውገን?» አለ ጋሪክ።

«እኔ ራሴ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አንድ እግሬን ሳልጫማ።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ከዚያ እጆች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ፤ ከሃያ ሁለቱ አስራ ሦስቱ። ጋሪክ መጨረሻ ላይ፣ ክርኑን ሳያነሳ፣ ሁለት ጣት ብቻ አወጣ።

«ጥሩ» አለች ማሪት። «እውነት ሊሆን ይችላል፤ ውሸትም ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም። ሳላውቅ ግን የሰው ስም ይዤ ሮጥኩ። ስለዚህ ዛሬ ትምህርታችን ይኸው ነው፤ እስክናውቅ ድረስ አንለቀውም።»

ከኋላ ወንበር ኦዴሳ ቢውሊዩ እጇን አነሳች። ከሐይቁ ማዶ ከአያቷ ጋር የምትኖር፣ በዓመቱ ውስጥ አስር ቃል ተናግራለች ለማለት የሚያስቸግር ልጅ ናት።

«እኔ መስመር ስድስት ነኝ» አለች። «ትናንት ጠዋት ተሳፍሬ ነበር። ምንም አላየሁም።»

«አንቺ እኮ አውቶብስ ላይ እንደ ድብ ነው የምትተኚው» አለ ጋሪክ። «ጣራው ቢገነጠል አትሰሚም።»

«ውሸት አይደለም፤ እተኛለሁ» አለች ኦዴሳ ረጋ ብላ።

«አለማየትሽ ፍንጭ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም» አለች ማሪት። «ያዢው። በሉ፣ ቪዲዮውን ትልቁ ስክሪን ላይ እናውጣው።»

አስር ጊዜ አዩት። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው አዩት፤ ቀጥሎ በዝግታ። የለጠፈው አካውንት «የኬትል ቤንድ ወላጆች» ይባላል፤ ከተከፈተ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ የማንም ሰው ስም የለበትም። ብሪን ይህን በወረቀት ጻፈች። አንዱ ልጅ በረዶው ከትናንቱ የበለጠ ጥልቀት እንዳለው ተናገረ፤ ሌላው ነፋስ ይከምረዋል ብሎ ተከራከረው። ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ኦዴሳ ከወንበሯ ተነስታ ስክሪኑ ሥር መጥታ ቆመች።

«በሩ የት ነው?» አለች።

«የምን በር?»

«የአውቶብሱ። እኔ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ በቀኝ በኩል ነው የምወርደው። ሁሉም ሰው በቀኝ ነው የሚወርደው። ይህ ልጅ ግን በግራ በኩል ነው የቆመው። ደግሞ እዩት፣ ያ አውቶብሱ ሲቆም ከጎኑ የሚዘረጋው ቀይ የቁም ምልክት በቀኝ ነው ያለው። እሱ በሾፌሩ በኩል ነው መሆን ያለበት።»

ከዚያ ጋሪክ ቀስ ብሎ፣ «ግራና ቀኙን ቀይረውታል» አለ። «እንደ መስታወት።»

ብሪን ኮምፒውተሩ ላይ ቪዲዮውን መልሳ ገለበጠችው። አውቶብሱ ጀርባ ላይ እንደ ጭረት ይታይ የነበረው ነገር ቁጥር ሆኖ ወጣ። 214። ኬትል ቤንድ ያሉት አውቶብሶች አስራ አንድ ናቸው።

ደወሉ ተደወለ። አንድም ልጅ አልተነሳም።

በምሳ ሰዓት ዳይሬክተሩ ዱዌን ፕራት ላይብረሪው በር ላይ መጥቶ ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህበት ውሏል።

«ማሪት፣ ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው። እባክሽ ልጆቹን አታስገቢያቸው።»

«ልጆቹ ገብተዋል ዱዌን። ቪዲዮውን ካዛመቱት ግማሾቹ የእኔ ተማሪዎች ናቸው። አንዷ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ፊቱን በእጁ አሻሸ። «ወላጆች ከዚህ በኋላ አስተማሪዋ ወገን ያዘች ቢሉኝስ?»

«ወገን አልያዝኩም። የአውቶብስ በር በየት በኩል እንደሆነ ነው የማስተምረው። ኤልሮይ አጥፍቶ ከተገኘ እሱንም ለአንተ ይዤልህ እመጣለሁ።»

እሺም እምቢም ሳይላት ሄደ። ማሪት ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረችው።

ከትምህርት በኋላ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ኤልሮይ ማኪ ቤት ስትደርስ ሰውየው ደጁን በአካፋ እየጠረገ ነው፤ ደጁ ግን ቀድሞውኑ ተጠርጎ አልቋል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የማሪትን ሁለት ልጆች ከአጸደ ሕፃናት እስኪመረቁ አመላልሷቸዋል።

«ቪዲዮውን ልኬዋለሁ» አለችው ከመኪናዋ እንደወረደች። ከሌላ ነገር መጀመር አልቻለችም። «ሳላጣራ። ጭራሽ ጽፌበት።»

«አውቃለሁ። አርዲስ አሳየችኝ።» አካፋውን በረዶው ላይ ተከለው። «ጠዋት ብዙ ስም አይቻለሁ። አንዳንዱ ሰው ጠባዩ ነው፤ አልገረመኝም። የአንቺን ስም ሳይ ግን ተቀመጥኩ። ማሪት ካለች እውነት ይመስላቸዋል አልኩ። ለአንድ አፍታ እኔ ራሴ አንድ ልጅ ረስቼ ይሆን እንዴ ብዬ የትናንቱን እያንዳንዱን ፌርማታ ቆጠርኩ።»

ይቅርታ አለች፤ ቃሉ እዚያ ብርድ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ተሰማት።

«ይቅርታሽን ተቀብያለሁ» አለ ኤልሮይ። «ግን ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ይጠቅመኛል?»

ቤቷ ገብታ ግሩፑ ውስጥ ጻፈች፦ «ጠዋት የላክሁት ቪዲዮ ትክክለኛ መሆኑን ሳላረጋግጥ ነው የላክሁት። አሁን ደግሞ ከእኛ ከተማ እንዳልሆነ ምልክት አግኝተናል። ተሳስቻለሁ።» ያ ብቻ እንደማይበቃ ታውቃለች፤ ማስተካከያ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለአስራ አራቱም አንድ በአንድ ደወለች። አብዛኞቹ ደነገጡ፤ ለላኩላቸው ሰዎች እንደሚነግሩ ቃል ገቡ። አንዷ፣ የመዘምራኑ መሪ ጆይስ፣ እስከ መጨረሻው ሰምታት፣

«ይሁን፣ እሱ አይሁን» አለች። «ግን ሊሆን ይችል ነበር እኮ።»

«ማንም ሊሆን ይችል ነበር ጆይስ። አንቺም ጭምር።»

ጆይስ ስልኩን ዘጋችው።

ረቡዕ ክፍሉ ወደ ሥራ ገባ። ማሪት ከቪዲዮው ውስጥ ጥርት ያለውን ምስል ቆርጠው በምስል ፍለጋ እንዴት እንደሚያስሱ አሳየቻቸው። መጀመሪያ ያገኙት ያንኑ የተገለበጠውን ነው፤ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሾፌር ስም፣ ከአንድ ዓመት በፊት። ጋሪክ «ወይ ጉድ! ይህ ሰው ስንት ከተማ ነው የሚነዳው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ አራት ዓመት ቆፈሩ። የመጀመሪያውን ያገኘችው ብሪን ናት። የለጠፈችው ካናዳ ውስጥ፣ ሳስካችዋን ገጠር የምትኖር ኮሊን ዳይክ የምትባል እናት ናት፤ የቀረጸው ጋራዧ ላይ ያለ ካሜራ ነው። ርዝመቱ አስራ ዘጠኝ ሰከንድ ሳይሆን አንድ ደቂቃ ከአስራ ሁለት ሰከንድ ነው።

አብረው ተመለከቱት። ሕፃኑ ከቤት በሸሚዝ እየሮጠ ይወጣል። ለተሳፈረችው ታላቅ እህቱ እጁን ያወዛውዛል። አውቶብሱ ይሄዳል፤ ልጁ ይቆማል። የእነሱ ቪዲዮ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። በዚህኛው ግን የአውቶብሱ ቀይ መብራት ይበራል። ይቆማል። ሾፌሩ ይወርዳል፤ በነፋሱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ እየተራመደ ይመለሳል፤ የራሱን ካፖርት አውልቆ ሕፃኑን ጠቅልሎ ያነሳውና ተሸክሞ እስከ ቤቱ በር ያደርሰዋል። እናቲቱ ከሥሩ የጻፈችው «ስሙን እንኳ አልነገረኝም፤ እባካችሁ አመስግኑልኝ» የሚል ነው።

ኦዴሳ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ማሪት አይታ እንዳላየ ሆነች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ብሪን። «ይህኛው ውሸት አለመሆኑን በምን እናውቃለን? ረጅም ስለሆነ ብቻ?»

ማሪት በአስራ ሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚህ የጣማት ጥያቄ አታስታውስም። «በምን እናውቅ?» ብላ መልሳ ጠየቀቻቸው። ልጆቹ ተከፋፈሉ። አንዱ ቡድን የዚያ አካባቢ ጋዜጣ በዚያው ሳምንት ስለ ሾፌሩ የጻፈውን አገኘ፤ አውቶብስ ቁጥር 214፣ ፎቶው ጭምር። ሌላው ቡድን ለኮሊን ዳይክ ጻፈላት። መልሷ ሐሙስ ቀትር ላይ ደረሰ። ሕፃኑ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቪዲዮዋ ተቆርጦ ሰው መስደቢያ መሆኑን ስትሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ስሟን ጠቅሰው እንዲናገሩ ፈቅዳለች።

ጋሪክ በዚህ ብቻ አልረካም። «አሁን የለጠፈውን እንያዝ» አለ። «እኔ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ያ የጎማ ሱቅ ያለው ሰውዬ ነው። አምና ከኤልሮይ ጋር ስለ መኪና ማቆሚያ ተጣልተዋል። ዛሬውኑ እለጥፈዋለሁ!»

«ማስረጃህ?»

«ተጣልተዋላ!»

«ጋሪክ፣ ማክሰኞ ዕለት ስለ ኤልሮይ ምን አልክ?»

ልጁ ስልኩን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«የምናውቀውን እናውቃለን እንላለን» አለች ማሪት። «የማናውቀውን አናውቅም እንላለን። ከዚያ አንዲት ስንዝር አናልፍም። አካውንቱን ማን እንደከፈተው አናውቅም። አለቀ።»

የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ሐሙስ አመሻሽ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ ነበር። ሰው ሞልቷል፤ ወንበር ያጣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ኤልሮይና አርዲስ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከግራና ቀኛቸው ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ማሪት ሄዳ በአርዲስ በኩል ባለው ተቀመጠች።

ተማሪዎቹ እንዲናገሩ አምስት ደቂቃ ተፈቀደላቸው። ክፍሉ ተናጋሪ አድርጎ የመረጠው ኦዴሳን ነው፤ በሩን ያየችው እሷ ናት ብለው። የጻፈችውን ወረቀት ይዛ ወጣች። የተገለበጠውን አሳየች፤ ከዚያ ረጅሙን አሳየች። ከኋላ አንድ ሰው «ወይኔ» ሲል ተሰማ።

ያኔ ቬርሊን ስትራውድ ተነሳ። መስመር ስድስት ላይ ሁለት ልጆች ያሉት ትከሻ ሰፊ የእንጨት ሥራ ሠራተኛ ነው።

«እሺ» አለ። «ያኛው ቪዲዮ ተቆርጧል፣ ተገልብጧል ትላላችሁ። የእናንተውስ? ዛሬ ኮምፒውተር የማይሠራው ነገር አለ? መምህሯ የሰውየው ወዳጅ ናት፤ ይኸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ለምን ብዬ ነው አንዲት ልጅ የማምነው?»

የማጉረምረም ድምፅ ተሰማ፤ የሚደግፈው ብዙ ነው። ማሪት ልትነሳ ወንበሯን ያዘች። ከዚያ ኦዴሳ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ አየችና ቁጭ አለች። ከዚህ በፊት ካደረገቻቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ከበዳት።

«አይመኑኝ፣ ሚስተር ስትራውድ» አለች ኦዴሳ። ድምፅዋ አነስተኛ ስለሆነ ሰዉ ለመስማት ዝም አለ። «እኔን ማመን የለብዎትም። ስልክዎን ያውጡ። ሁላችሁም አውጡ። እንዴት እንደሚደረግ እነግራችኋለሁ፤ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ካላገኛችሁት እኔ ዋሽቻለሁ።»

ቬርሊን ቦርዱን አየ፤ ቦርዱ ቬርሊንን አየ። «አምስት ደቂቃው አልቋል» አለ ከቦርዱ አንዱ። ሰብሳቢዋ ግን መነጽሯን አድርጋ የራሷን ስልክ ከቦርሳዋ እያወጣች ነበር።

«ቀጥይ ልጄ» አለቻት።

ኦዴሳ ደረጃ በደረጃ ነገረቻቸው። ቪዲዮውን እዚህ ላይ አቁሙ። ምስሉን ያዙት። ግራና ቀኙን እንዲህ ቀይሩት። አሁን ፈልጉ። መቶ የሚሆን ሰው ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ብሪንና ጋሪክ በወንበሮቹ መሃል እየተዘዋወሩ የጠፋባቸውን ያግዛሉ። ጋሪክ አንዲት አሮጊት ጎን ተንበርክኮ «አይ እማማ፣ ይህ የድመት ፎቶ ነው፤ ይመለሱ» ሲል ተሰማ።

«አገኘሁት» አለች መጀመሪያ አንዲት እናት። ከዚያ ሌላ ሰው። ከዚያ ያ ሾፌር በረዶው ላይ ሲራመድ በየስልኩ ይታይ ጀመር።

ቬርሊን ስትራውድ ረጅም ጊዜ ቆሞ ስልኩን አየ። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ኤልሮይ በሩ እስኪዘጋ ተከትሎ አየው።

ማሪት ያኔ ተነስታ ማይክሮፎኑን ያዘች። ተዘጋጅታ የጻፈችው ንግግር አልነበራትም። «ስሜ ማሪት ሃውገን ነው። ይህን ትምህርት የማስተምረው እኔ ነኝ። ቪዲዮውንም ማክሰኞ ጠዋት ከላኩት አንዷ እኔ ነኝ። እዚህ ላላችሁት ሁሉ፣ ኤልሮይ ፊት፣ ተሳስቻለሁ እላለሁ።» ተመልሳ ተቀመጠች። አርዲስ ዞር ብላ አላየቻትም፤ ግን ቦርሳዋን ከመሃላቸው አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

ኤልሮይ ሰኞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ግን አይደለም። ሁለት እናቶች እስከ ጸደይ ድረስ ልጆቻቸውን በራሳቸው መኪና ያመላልሱ ነበር። ጆይስ ማሪትን በቤተ ክርስቲያን ስታገኛት አሁንም ስለ አየሩ ብቻ ነው የምታወራት። አካውንቱ ዓርብ ዕለት ጠፋ፤ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጋሪክ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ የጎማ ሱቁን ስም ያነሳል፤ ማሪትም በየሳምንቱ «ማስረጃህ?» ትለዋለች። ዱዌን ፕራት ትምህርቱ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ለሁሉም ክፍል እንዲሰጥ አዘዘ። ማሪት ለአስተማሪዎቹም ይሰጥ አለች፤ ትንሽ ተከራክሮ ተሸነፈ።

በሚያዝያ አንድ ቀን ኢሜይል ደረሳት። ሰላምታ የለውም። «የጉድጓድ ውሃችን ተመርዟል የሚል ነገር ይዞራል። ሚስቴ ልጆቹን ውሃ ከልክላለች። እውነት ነው ወይስ አይደለም?» ይላል። የላከው ቬርሊን ስትራውድ ነው።

ማሪት መልሱን ታውቀው ነበር፤ ክፍሉ በዚያው ሳምንት መርምሮት ነበር። ጽፋ ልትልክለት ጀመረችና ሰረዘችው። «ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ላይብረሪው ክፍት ነው። ስልክህን ይዘህ ና» ብላ ላከች።

ማክሰኞ መጣ። በሥራ ልብሱ፣ ጫማው ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ፣ ለዘጠነኛ ክፍል በተሠራችው ወንበር ላይ እንደምንም ተቀመጠ። ኦዴሳ ከመደርደሪያዎቹ መሃል ስታየው መጽሐፎቹን አስቀምጣ መጣችና ከጎኑ ወንበር ሳበች።

«እሺ ሚስተር ስትራውድ» አለችው። «መጀመሪያ፣ ይህን የነገረዎት ማነው?»